ለስሜን ተራራ የሚሆን ቀላል ትራስ አመራረጥ፦ ጎንደር ሳላችሁ የሚያልቅ ሥራ

ከጎንደር ተነስተው ስሜን ወጥተው የሚመለሱ ጓደኞቼ ስለ ብርዱ ብዙም አያማርሩም፤ አውቀውት ነው የሄዱት። የሚያማርሩት አንገታቸውን ነው። አንዱ ጫማውን ተንተርሶ አደረ። አንዷ የነፋችው ትራስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሟሽሾ አገኘችው። ሌላው ሱቅ ውስጥ በእጁ ጨመቅ አድርጎ «ለስላሳ ነው» ብሎ የገዛው ትራስ ግጭ የሚባለው ማደሪያ ላይ ከራሱ ስር እየተንሸራተተ እሱን ሲያሳድድ ነጋ። ሦስቱም በእኔም ላይ ደርሰዋል።

የሁሉም ስህተት አንድ ነው። ትራስ የምንገዛው በእጃችን ጨምቀን፣ ክብደቱን አይተን ነው። መመረጥ ያለበት ግን በቁመቱ ነው፤ ቁመቱም የሚለካው ተራራ ላይ በምትተኙበት ምንጣፍ ላይ ነው። ክብደት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ በተለይ ደረጃ 2ን አትዝለሉ።

ቀድማችሁ አዘጋጁ

ይዛችሁ የምትሄዱት ምንጣፍና ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት)፣ አንድ ጋቢ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ፣ ሳፋ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ 5 ኪሎ ጤፍ ወይም ዱቄት በፌስታል (ምን እንደሚሠራ ኋላ ታያላችሁ)፣ እና ተኝታችሁ የሚያያችሁ አንድ ሰው። ሚዛን ቤት ከሌለ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቡና የሚመዝኑት አሉ፤ ትራስ መዝኑልኝ ስትሏቸው ይስቃሉ፣ ግን ይመዝናሉ።

ሥራውን ከጉዞው ቢያንስ ከሳምንት በፊት ጀምሩ። መናኸሪያ ልትሄዱ ማታውን የሚገዛ ትራስ ሳይሞከር ነው ተራራ የሚወጣው።

ደረጃ 1፦ የት እንደምታድሩና ማን እንደሚሸከም ወስኑ

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ወዲያ ያሉት የታወቁት ማደሪያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፦ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር አካባቢ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የጎንደርን ጥምቀት አክብሮ በማግስቱ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚገጥመው ይኸው ብርድ ነው።

ይህን የማነሳው «ትራስ ለምን እይዛለሁ፣ ጃኬቴን ጠቅልዬ እንተራሰዋለሁ» ለሚል ሰው ነው። ጨነቅ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጃኬቱን ለብሳችሁታል። ሹራቡንም ለብሳችሁታል፣ ጋቢውንም ተከናንባችሁታል። የልብስ ትራስ የሚያዋጣው ጎርጎራ ወርዶ ጣና ዳር ለሚያድር ሰው ነው።

ስለዚህ ወረቀት ላይ ሁለት ዝርዝር ጻፉ፦ ለብሼው የማድረው ልብስ እና ቦርሳ ውስጥ የሚቀረኝ ልብስ። በሁለተኛው ውስጥ ያለው አንድ ቲሸርትና ካልሲ ብቻ ከሆነ ትራስ ያስፈልጋችኋል።

ቀጥሎ ጭነቱን አስቡ። ከደባርቅ በቅሎ የምትከራዩ ከሆነ የ200 ግራምን ልዩነት በቅሎዋ አታውቀውም፤ የሚመቻችሁን ያዙ። በጀርባችሁ የምትሸከሙ ከሆነ ግን ጣሪያውን 150 ግራም አድርጉት። ብዙ ሰው በበቅሎ እየሄደ ለ40 ግራም ሲጨነቅ አያለሁ፤ ምክንያቱ አይገባኝም።

ደረጃ 2፦ ቁመቱን ለኩ

እዚህ ጊዜ ውሰዱ።

1. ምንጣፉን ወለል ላይ ዘርጉ። አልጋ ላይ አትለኩ። የሚነፋ ምንጣፍ ከሆነ ተራራ ላይ የምትነፉትን ያህል ንፉት።

2. ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ግቡ። ኮፍያ ካለው ኮፍያው ከራሳችሁ ስር ይሁን፤ እሱም ውፍረት አለው።

3. በምትነቁበት አተኛኘት ተኙ። ብዙ ሰው በጀርባው ይጋደምና በጎኑ ይነቃል። ካላወቃችሁት ለሦስት ቀን ጠዋት ዓይናችሁን ስትገልጡ እንዴት እንደተኛችሁ አስተውሉ።

4. ጋቢውን አጣጥፋችሁ ከራሳችሁ ስር አድርጉ። እጥፋት እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ ሞክሩ።

5. ረዳታችሁ ፎቶ ያንሳ። በጎን ለምትተኙ ከፊት ለፊት ያንሳ፦ ከአፍንጫ በአገጭ በኩል እስከ ደረት መሃል ያለው መስመር ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ራስ ወደ ወለሉ ካዘነበለ ትራሱ አንሷል፤ ወደ ላይኛው ትከሻ ከተቃና በዝቷል። በጀርባ ለምትተኙ ከጎን ያንሳ፦ አገጭ ደረት ላይ ከወደቀ በዝቷል፤ አገጭ ካንጋጠጠ አንሷል።

6. አሥር ደቂቃ ሳትነሱ ቆዩ። ጋቢው በጭንቅላታችሁ ክብደት ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ እንደገና አስተካክሉ።

7. ራሳችሁ ጋቢው ላይ እንዳለ ረዳታችሁ ከምንጣፉ እስከ ራሳችሁ የታችኛው ጎን ያለውን በሜትር ይለካ። ይህን ቁጥር ጻፉት። የምትፈልጉት ትራስ ራስ ተጭኖበት ይህን ያህል የሚቆም ነው።

እኔ ይህን ሳደርግ እናቴ በር ላይ ቆማ «አልጋህ እያለ ወለል ላይ ምን ያንከባልልሃል?» አለችኝ። ፎቶውን ያነሳችልኝም እሷው ናት። ሳየው ጭንቅላቴ ወደ ወለሉ ወርዶ አንገቴ እንደ ማጭድ ጎብጧል። «ጥሩ ነው፣ ተመችቶኛል» ያልኩት በዚያው ቅጽበት ነበር። ለዚህ ነው የሚያያችሁ ሰው የሚያስፈልገው፤ ለአንድ ደቂቃ ሁሉም ትራስ ይመቻል።

ለማነጻጸር ያህል፦ በጎን የሚተኛ አብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር፣ በጀርባ የሚተኛ ከ6 እስከ 9፣ በሆዱ የሚተኛ ከ5 በታች ይፈልጋል። ትከሻው ሰፊ የሆነ ወደ ላይኛው ቁጥር ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ምንጣፍ ከቀየራችሁ እንደገና ለኩ። ስስ የስፖንጅ ምንጣፍ ላይ ትከሻ አይሰምጥም፤ ስለዚህ ትራሱ ከፍ ማለት አለበት። ወፍራም የሚነፋ ምንጣፍ ላይ ትከሻ ይሰምጣል፤ ትራሱም ዝቅ ይላል። የእኔ በስሱ ላይ 12፣ በወፍራሙ ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ነው።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ምረጡ

የሚነፋ። ከ50 እስከ 100 ግራም የሚመዝነው ይገኛል፤ ሲታጠፍ ከጭብጥ አይበልጥም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ቁመቱን በትንፋሽ መጨመርና መቀነስ መቻሉ ነው። ይበሳል፣ ይንሸራተታል፣ አንዳንዱ ይንኮሻኮሻል። በጀርባው ለሚሸከም ምርጫዬ ይህ ነው።

ስፖንጅ። ከ200 እስከ 300 ግራም። አየር አይወጣውም፣ አይንኮሻኮሽም፣ ፊት ላይ አይቀዘቅዝም። ቦርሳ ውስጥ ግን ቦታ ይይዛል፤ ቁመቱም አንዴ ከተገዛ ያው ነው። በበቅሎ ለሚሄድ ሌላ አይፈልግ።

ውስጡ የሚነፋ፣ ላዩ ስስ ስፖንጅ የሆነ ድብልቅም አለ፤ ክብደቱም ምቾቱም መሃል ላይ ነው።

የራስ ሥራ። ከውጭ የመጣ ካጣችሁ ወይም ዋጋው ካስደነገጣችሁ ሶፋ ሰሪ ቤት ሂዱና ለስላሳ የስፖንጅ ቁራጭ ጠይቁ። 40 በ28 ሳንቲ ሜትር አስቆርጡ፤ ውፍረቱን በደረጃ 2 ካገኛችሁት ቁጥር 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አስበልጡ፣ ምክንያቱም ይወርዳል። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ኩብ ሜትሩ 20 ኪሎ የሚመዝን ስፖንጅ ወደ 220 ግራም ይወጣዋል። ልብስ ሰፊ በስስ ጥጥ ጨርቅ ያለብሰው፤ አንዱን ጎን ክፍት አስተውት፣ ስፖንጁ ወጥቶ ጨርቁ እንዲታጠብ። ድፍኑ ስፖንጅ አልታጠፍ ካላችሁ በአውራ ጣት መጠን ቆራርጣችሁ ሙሉት፤ ለመጠቅለል ይቀላል፣ መጉረብረቡ ግን ያስቸግራል።

አትግዙ፦ ለአውሮፕላን የተሠራውን አንገት ላይ የሚጠመጠም ትራስ። ለተቀመጠ ሰው ነው የተሠራው፤ ስትጋደሙበት ራስ መሃሉ ላይ ባለው ባዶ ቦታ ይወድቃል። ለመዋኛ የሚሸጠውን ወፍራም ፕላስቲክም ተዉት። ከባድ ነው፣ በብርድ ይደርቃል፣ ላብ ካገኘው ጉንጭ ላይ ይጣበቃል።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ መርምሩ

ፒያሳ ሱቅም ይሁን ሰልባጅ ተራ፣ ወይም ሰው ከአዲስ አበባ ያመጣላችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ከነማቀፊያው መዝኑት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክብደት አንዳንዴ የትራሱ ብቻ ነው፤ ከረጢቱና ማሰሪያው አልተቆጠሩም።

ንፉትና ቫልቩን፣ ማለትም አየር የሚገባበትን አፍ፣ ተመልከቱ። ጥሩ ቫልቭ ስትነፉ አየሩን አይመልስም፤ በጣት ስትነኩት ደግሞ በጥቂቱ ይለቃል። አፋችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ግማሹ የሚወጣ ከሆነ መልሱት።

ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ እሹት። ሱቅ ውስጥ ትንሽ የሚንኮሻኮሽ፣ ድንኳን ውስጥ ፌስታል ሲፈተሽ የሚሰማውን ያህል ይጮኻል።

ስፋቱን ለኩ። በ35 እና በ40 ሳንቲ ሜትር መካከል ጥሩ ነው። ከ30 ካነሰ ስትገላበጡ ትወርዳላችሁ።

ሰልባጅ ከሆነ የተነፋውን በብርሃን አንጻር አዙሩት። ስፌቱ አካባቢ ነጭ መስመር ወይም የተላጠ ሽፋን ካያችሁ ዋጋ አትከራከሩ፤ ተዉት።

ደረጃ 5፦ ቤት ውስጥ ፈትኑት

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ጤፉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

1. ትራሱን በደረጃ 2 ቁጥራችሁ ልክ ንፉት። ስንት ትንፋሽ እንደፈጀ ቁጠሩ።

2. 5 ኪሎውን ጤፍ ላዩ ላይ አስቀምጡና ቁመቱን ለኩ። ማታ አስቀምጣችሁ ጠዋት እንደገና ለኩ።

3. ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ሳሙና በሳፋ ውሃ ቀላቅሉ፤ ትራሱን አጥብቃችሁ ንፉና ስፌቱን ተራ በተራ ንከሩት። አረፋ የሚፈላበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በእስክሪብቶ ክበቡት። ቫልቩን በመጨረሻ ንከሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአሸዋ ቅንጣት ብቻ ይሆናል፣ ሲታጠብ ይስተካከላል።

4. ካለፈ አንድ ሙሉ ሌሊት ወለል ላይ ተኙበት። ጠዋት አንገታችሁን ግራና ቀኝ አዙሩ። አንድ ጎን ከያዛችሁ ግማሽ ትንፋሽ ጨምራችሁ ወይም ቀንሳችሁ በማግስቱ ድገሙ።

የተስማማችሁን የትንፋሽ ቁጥር ትራሱ ጥግ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉት። የእኔ ላይ «4 ከግማሽ» ይላል። ጨለማ ውስጥ፣ እጅ ደንዝዞ፣ ይህ ቁጥር ሜትር ይተካል።

ደረጃ 6፦ ማደሪያው ላይ

ነፍታችሁ አትጓዙ። ጨነቅ ላይ የአየሩ ግፊት ከጎንደሩ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ጎንደር ላይ ተነፍቶ የተዘጋ ትራስ እዚያ ሲደርስ ይወጠራል፣ ስፌቱም ይጎዳል። አየሩን አስወጡ፣ ቫልቩን ዝጉ፣ ከሹል ነገር አርቁ።

ድንኳኑን ከመትከላችሁ በፊት መሬቱ ላይ ተጋደሙ። ተዳፋቱ የትኛው እንደሆነ ጀርባችሁ ይነግራችኋል፤ ራሳችሁን ወደ ላይኛው በኩል አድርጉ።

ትራሱን የምትነፉት ከእራት በፊት ነው። በቀስታ ንፉ፣ በየትንፋሹ መሃል እረፉ፤ በዚያ ከፍታ ቶሎ ቶሎ መንፋት ያዞራል። በመጀመሪያ ነፍታችሁ ተዉት። ከአፍ የወጣ አየር ሞቃት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ልትተኙ ስትሉ ተመልሳችሁ የጎደለውን ሙሉ።

በስሊፒንግ ባጉ ኮፍያ ውስጥ አስገቡት። ኮፍያ ከሌለው የተገለበጠ የጥጥ ቲሸርት አልብሱትና እጅጌዎቹን ከምንጣፉ ስር አሳልፋችሁ ቋጥሩ። የትራሱ ጨርቅ ከቲሸርቱ ጋር ስለሚያያዝ አይሸሽም፤ ጉንጫችሁም ፕላስቲክ አይነካም።

አብረዋችሁ የሚወጡት ጠባቂ ስካውቶች ክንዳቸውን ተንተርሰው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያንኮራፉ ትሰማላችሁ። አትቅኑ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ሌሊት ላይ ለሰለሰ። ወዲያው ተበስቷል አትበሉ። ድንኳኑ ከ20 ዲግሪ ወደ ዜሮ ከወረደ ብቻ ውስጡ ያለው አየር በመቶ 7 ገደማ ይቀንሳል። አንድ ትንፋሽ ጨምሩና ተኙ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ከለሰለሰ እሱ ቀዳዳ ነው።

ተበሳ። ቀዳዳው ከታወቀ ቦታውን በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁ፤ ትራሱ ባዶ ሆኖ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ የመጠገኛ ልጥፍ ወይም ጠንካራ ፕላስተር ለጥፉና በመዳፍ ጫኑት። እርጥብ ላይ ምንም አይያዝም። ጎሚስታ ቤት ያለው ማጣበቂያ ለካላማዳሪ ላስቲክ የተሠራ ነው፤ እንደዚህ ባለ ስስ ጨርቅ ላይ አትመኑት። ካልሆነ ባዶውን የስሊፒንግ ባግ ማስገቢያ ከረጢት በካልሲና በቲሸርት ሙሉ፣ ከስሩ የቦርሳችሁን የላይኛውን ክዳን አጥፋችሁ አስቀምጡ። ቁመቱን በጣታችሁ ስንዝር ለኩ፤ ቁጥራችሁን ስለምታውቁት መጠጋት ይቻላል።

መንሸራተቱን አልተወም። ምናልባት አጥብቃችሁ ነፍታችሁታል። ግማሽ ትንፋሽ አስወጡ፤ ራስ ትንሽ ሲሰምጥበት ይይዛል። ከጉዞ ስትመለሱ የሕንጻ መሣሪያ ከሚሸጥበት የሲሊኮን ማጣበቂያ ገዝታችሁ ትራሱ ስር ጥቂት ነጠብጣብ አድርጉና አንድ ቀን አድርቁት።

ፊቴን በረደኝ። ባዶ የሚነፋ ትራስ ላይ የተለመደ ነው። አንድ ሹራብ ወይም የነጠላ እጥፋት ጣል አድርጉበት፣ ውፍረቱንም ከቁመቱ ቀንሱ። ከሰል አያይዛችሁ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ጠዋት ራሴን አመመኝ። ትራሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ለዩት። አንገት ወይም አንድ ጎን ይዞ፣ ስትዞሩ የሚብስ ከሆነ ትራስ ነው። ራስ በሙሉ እየመታ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት ከተጨመረበት የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጀምራል። ለአስጎብኚያችሁ ወዲያው ንገሩ፣ ወደ ቧሂት ወይም ወደ ራስ ደጀን አትቀጥሉ። እየባሰ ከሄደ ውረዱ። እኔ አንድ ጠዋት ግጭ ላይ «ትራሱ ነው» እያልኩ ግማሽ ቀን ራሴን አታልያለሁ፤ ቁርስ መብላት አለመቻሌን ያስተዋለው የበቅሎው ጌታ ነው። «ልጄ፣ አንገት የታመመ ሰው ሽሮ ይጠላል እንዴ?» አለኝ። ያን ቀን ወደ ሳንቃ በር ተመለስን።

ከጉዞ በኋላ

ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ላዩን እጠቡ። ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፤ ስፌቱን ያላቅቃል። የትንፋሽ እርጥበት ውስጡ ስለሚቀር ቫልቩን ክፍት አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ስቀሉት። ይህን ሥራ ተራራው ላይ አትሞክሩት። ገደሉ አፋፍ ድንጋይ ላይ ለማድረቅ ያሰጣሁት አንድ ትራስ ነበረኝ፤ ነፋሱ ሲያነሳው አይቻለሁ፣ ሲወርድ ግን አላየሁም።

ሲደርቅ አጣጥፋችሁ ሳይሆን ዘርግታችሁ አስቀምጡ። የጻፋችሁት የትንፋሽ ቁጥር ተራራው ላይ ከተለወጠ አሮጌውን ሰርዙና አዲሱን ጻፉበት።